የእማሆይ ጣውንት

ልጄ ከወረዳ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለይ አለኝ።

«እማዬ፣ የቤቱን ውል ወደ አንቺ ስም ማዞር አይቻልም አሉኝ።»

«ምን ጎደለ ብለው?»

«አባዬ ሁለት ሚስት ነበረው አሉ። መዝገቡ ላይ እንደዚያ ነው ያለው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ታላቂቱ ትቅረብ፣ ሞታም ከሆነ መሞቷን የሚያስረዳ ወረቀት ይምጣ ብለውኛል።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ።»

ባሌ ከሞተ አራተኛ ወሩን ይዟል። በእኛ በሙስሊሞች ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳዋን ትቀመጣለች፤ ያለ ብርቱ ጉዳይ ከቤት አትወጣም፣ አታጌጥም። እኔም ግድግዳውን ሳይ፣ ግድግዳው እኔን ሲያይ ከርመናል። ያን ቀን ግን ሳቅሁ። ሳቁ ብዙ ዘመን ተዘግቶ እንደከረመ በር ሲጢጥ እያለ ስለወጣ ልጄ የታነቅሁ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

ታላቂቱ ሚስት መነኩሲት ነበሩ።

ይህን ማስረዳት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም። ጥፋቱም የጀመረው ከእኔው ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በቀን ከአንድ ገጽ አልበልጥም፤ ኢዳዬ ግን ገና አላለቀም፣ የምቸኩልበትም የለኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ስኳር በቀበሌ ካርድ በምንሸምትበት ጊዜ ነው። ቤታችን እህል በረንዳ ጀርባ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። የባሌ ሥራ ጆንያ ነበር። ከእህል ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ ይገዛል፣ ያራግፋል፣ በወስፌና በሲባጎ ይጠግናል፣ መልሶ ለእነሱው ይሸጣል። ወሬ አይወድም። በቀን የሚናገረው ቃል ቢቆጠር ከሚጠግነው ጆንያ አይበልጥም ነበር። እኔ ለሁለታችንም ስለምናገር አልተቸገርንም።

«ሚስቴ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። በሀገራችን በወሎ ጨዋ ሰው ሚስቱን በሰው ፊት ሚስቴ ማለት ያሳፍረዋል፤ «ቤተሰብ» ነው የሚላት። «ቤተሰብ አሟት ነው» ካለ የታመመችው ሚስቱ ናት። «ቤተሰብ ገበያ ወርዳለች» ካለ ወራጇ ሚስቱ ናት። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

እማሆይን ያገኘናቸው ከቤቱ ጋር ነው። ስንከራየው ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ነበሩ። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ትተዋቸው ሄደዋል፤ እነሱም ሲገቡ አግኝተዋቸው ነበር አሉ። የማን ዘመድ እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። የተወለዱት መንዝ ነው፤ ባልና ልጅ ቀብረው፣ ቆብ ደፍተው፣ አዲስ አበባ ከገቡ ስንት ዘመናቸው። እኛ ሙስሊም፣ እሳቸው መነኩሲት፤ ሥጋችን አይገናኝም፣ ሽሯችን ግን አንድ ድስት ነበር። በረመዳን ሌሊት ለስሁር ምግብ የሚቀሰቅሱን እሳቸው ነበሩ። «ተነሡ፣ እናንተ እስላሞች! እኔ ዳዊቴን ደግሜ ጨረስኩ፣ እናንተ ገና ታንኮራፋላችሁ!» እያሉ በመቋሚያቸው በሩን ይደበድቡታል። ልጄን ያዘለች ጀርባ ብትኖር የእሳቸው ናት። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበታቸው ስለሚያስታውቃቸው፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ጆንያ ሰብስበው ያስገቡልናል። በዚህ ረገድ ባሌ ከሬዲዮ ይልቅ የእማሆይን ጉልበት ያምን ነበር።

እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነበርኩ። ይህን በዚያ ዘመን ለሰማኝም ላልሰማኝም እነግር ነበር። ስኳር ሰልፍ ላይ ሆኜ እንኳ አንዲት ሴት «ተራሽ ነው» ስትለኝ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ተራዋን ታውቃለች» ማለቴን ሰፈሩ ለብዙ ዓመት ሲያስታውሰው ኖሯል። በዚህ ዕውቀቴ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ፤ ጸሐፊ ሆኜም ሳልጨርስ የቀበሌው ሊቀመንበር በውይይት ክበብ «ቤተሰብ በኅብረተሰብ ውስጥ ያለው ሚና» በሚል ርዕስ ገለጻ እንዳደርግ አዘዘኝ።

ለገለጻው የተዘጋጀሁት በመንግሥት ስም የሚናገሩ ሚኒስትሮች እንኳ እንደማይዘጋጁት ነው። ኮሌጅ የሚማር የአክስቴ ልጅ በስቴንስል የተባዛ ጽሑፍ አዋሰኝ። ጽሑፉ የኅብረተሰብ ሳይንስ ስለ ቤተሰብ ሦስት አመለካከት አለው ይላል። እያነበብኩ፣ በራሴ ድምፅ እየተደሰትኩ፣ ቤት ውስጥ እለማመዳለሁ። አድማጮቼ ጆንያ የሚጠግነው ባሌና ልጄን ያዘሉት እማሆይ ናቸው።

«አንደኛው፣ ኅብረተሰብ እንደ ሰው አካል ነው፤ ቤተሰብም እንደ ልብና እንደ ሳንባ የራሱ ሥራ አለው ይላል። ይወልዳል፣ ያሳድጋል፣ ያስታምማል።»

«እውነት ነው» ይላሉ እማሆይ።

«ሁለተኛው፣ የለም፣ ቤተሰብ የንብረት ጉዳይ ነው፤ ያለው ለልጁ እያወረሰ፣ የሌለው እንደሌለው የሚቀርበት መሣሪያ ነው ይላል።»

«ይኸም እውነት ነው።»

«እማሆይ፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አልተማርኩም፤ ሁሉም እውነት ይመስለኛል።»

ሦስተኛው አመለካከት ቤተሰብ በየዕለቱ የሚሠራ ነገር ነው የሚል ነበር። ሰዎች እርስ በእርስ በሚጠራሩበት ስም፣ ለሚጠራሩበትም ስም በሚሰጡት ትርጉም ነው የሚቆመው ይላል። ይህ ለቀበሌ ስብሰባ የሚሆን አልመሰለኝም። ዘለልኩት።

የስብሰባው አዳራሽ ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ስንት ጊዜ ቢታጠብ የበርበሬው ብናኝ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ሰው ሲበዛና ሲሞቅ ይነሣል። እኔ ያን ቀን ሕዝቡ ዓይኑን ሲጠራርግ፣ አፍንጫውን ሲናፈጥ አይቼ በገለጻዬ ተነክቶ ነው ብዬ አመንኩ። ሞቅ አለኝ። ጽሑፉ ላይ የሌለውን ጨመርኩ።

«ስለዚህ ቤተሰብ ማለት ባል፣ ሚስትና ከአብራካቸው የተገኙ ልጆች ናቸው!» አልኩ ጣቴን ቀስሬ። «ከዚህ ውጭ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለው ሁሉ ጥገኛ ነው!»

ጥገኛ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በዚያ ጊዜ ቃል ከአየሩ ላይ ነበር የሚለቀመው።

አንድ የእህል ደላላ እጁን አወጣ። «ጓዲት፣ ጥያቄ አለኝ። አማቴስ?»

«ጥገኛ ናቸው።»

«አላህ ያክብርሽ!» አለ። «ስምንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ቃል ይኸው ነው!» አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩም አጨበጨበ። እኔ ጭብጨባው ለሳይንሱ መሰለኝ።

ባሌ ከኋላ ቆሞ ሰምቶኛል። ወደ ቤት ስንሄድ ዝም አለ፤ ሁልጊዜም ዝም ስለሚል አላስገረመኝም። ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ነው፣

«ሦስት አልነበር እንዴ? ሦስተኛውን የት ጣልሽው?» ያለኝ።

«ጊዜ አጠረኝ።»

እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ «እማሆይ በየትኛው ገቡ?» አለ።

«በየትኛውም አይገቡም» አልኩት፤ የተጠየቀ ተማሪ እንደሚመልስ ፈጠን ብዬ።

«እህ» አለና በሩን ከፈተልኝ።

ከሳምንት በኋላ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስኳር ሊገዙ የተሰለፉት ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ «ነይ አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሽ፣ አንብቢልን!» ብለው ጠሩኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። መጀመሪያው መስመር ላይ ስሜ አለ። «ጓዲት እገሊት በሰጡት ሳይንሳዊ ገለጻ መሠረት» ይላል። ስሜን ሁለቴ አነበብኩላቸው፤ ላልሰሙት ብዬ። ከዚያ ወረድኩ። የቀበሌው ነዋሪ በአዲስ ካርድ እንደሚመዘገብ፣ ቤተሰብ ያልሆኑ ጥገኞች በተለየ ዝርዝር እንደሚያዙ፣ የያዙት ክፍል ቤት ላጡ ሰዎች እንደሚሰጥ፣ የራሳቸው ቤተሰብ የሌላቸውም ወደ ትውልድ ቦታቸው እንደሚሸኙ ይላል። ድምፄ እየወረደ ሄዶ መጨረሻውን ለራሴ ነው ያነበብኩት።

«ጮክ በይ እንጂ!» አለችኝ ከኋላ ያለችው። «ስምሽ ላይ ስትደርሺ ደህና ስትጮሂ ነበር!»

ስኳሩን ትቼ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በቢሮው በር ላይ ቤት የሚለምን ሰው ተኮልኩሎበት መግቢያ መውጫ ያጣ ሰው ነው። የእማሆይን ነገር ነገርኩት። አሮጊት ናቸው፣ መንዝ ማንም የላቸውም፣ ልዩ አስተያየት ይደረግላቸው አልኩት።

«ጓዲት» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «ሳይንስ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ሳይንስ ልዩ አስተያየት አለው?»

ተነሥቼ ወጣሁ። ቤት ስገባ እማሆይ ቀድመው ሰምተው ኖሯል። አጎዛቸውን ጠቅልለው፣ ዳዊታቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፣ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ ጉልበታቸው ላይ ተኝታለች።

«የት ሊሄዱ ነው እማሆይ?»

«ሲሸኙኝ እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው።»

«መንዝ ማን አለዎት?»

«መቃብር አለኛ! ስንት ዘመን ሰላም ያላልኩት መቃብር።» ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ አታልቅሺ። አንቺ እኮ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው» አሉኝ። የተጻፈውን ብቻ እንዳላነበብኩ፣ ጥገኛ የምትለውን ከራሴ እንደጨመርኳት ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በዚያ ዓመት ዝም ያልኩት ያኔ አንዴ ነው፤ እሱም መናገር በነበረብኝ ሰዓት።

ምዝገባው ሲደርስ እኔ በሌላ መደዳ መዝጋቢ ሆኜ ተመደብኩ፤ የራስን ቤት መመዝገብ ክልክል ነው። ወደ እኛ ቤት የተላከው ከሌላ ከፍተኛ፣ ከሩቅ ሰፈር ቀበሌ፣ ተዛውሮ የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ የሰፈሩን ሰው የማያውቅ ጸሐፊ ነበር። እማሆይ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ቤት ያለው ባሌ ብቻ ነው፤ ደጃፉ ላይ ጆንያ ይጠግናል። የሆነውን ያወቅሁት በአጥር ቀዳዳ ከምታይ ጎረቤታችን ነው። እሷ ታሪኩን ለእኔ ከመንገሯ በፊት ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳው ስለነበር፣ የሰማሁት የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።

«የቤቱ ኃላፊ?» አለ ጸሐፊው።

«እኔ።»

«ከእርስዎ ሌላ?»

«ቤተሰብ አለች።»

«ቤተሰብማ ሁሉም አለው። ማን ማን ነው የምልዎ?»

«ቤተሰብ ናታ! የሴቶች ማኅበር ጸሐፊዋ።»

«እ፣ ሚስትዎን ነው?»

ባሌ መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊው ጻፈ።

«ሌላ?»

«ልጃችን አለች። ሁለት ዓመት አልሞላትም።»

«ሌላ?»

«ትልቋም አሉ። ከጓሮ ባለችው ክፍል ናቸው። አሁን ወጣ ብለዋል።»

«እሳቸውስ ምንዎ ናቸው?»

ጎረቤቴ እንደምትለው ባሌ እዚህ ላይ ሥራውን አቆመ። ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካ። ሲባጎውን በጥርሱ በጠሰ።

«እሳቸውም ቤተሰብ ናቸው» አለ።

«እንደ ፊተኛዋ?»

«እንደ ፊተኛዋ።»

ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ አየው። ስማቸውን ጠየቀው፤ ባሌ ከምንኩስናቸው በፊት የነበረውን የዓለም ስማቸውን ነገረው። ዕድሜያቸውን ጠየቀው፤ ስድሳ ሳያልፋቸው አይቀርም አለ። «የምንጽፈው በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው» አለ ጸሐፊው፤ እኔን ከነበርኩበት መስመር ሰርዞ አንድ መስመር አወረደኝ።

ካርዱ በመጣ ቀን ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ባለ ሱቁ ስም እየጠራ ያድላል። ስማችን ሲደርስ ካርዱን ገልብጦ አየ፣ መልሶ ገለበጠ።

«ሚስት አንድ… ሚስት ሁለት…» አለ። «እትዬ፣ እርስዎ የትኛዋ ነዎት?»

«ምን?»

«ታናሿ ናት!» አለች ጎረቤቴ ከሰልፉ ጫፍ። «ታላቋ ቅዳሴ ላይ ናቸው!»

ሰልፉ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ሰልፍ የሚያፈርስ ነገር ብርቅ ነው። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ መሬት ቁጭ አሉ። አንዷ «የእማሆይ ጣውንት» አለችኝ፤ ስሜ ሆኖ ቀረ።

ንዴቴ በእማሆይ ቤት መትረፍ እንድደሰት እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። ያንኑ ቀን ቀበሌ ሄድኩ። ያ ባለ መነጽር ጸሐፊ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ካርዱን በመስኮቱ ወረወርኩለት።

«ይህ ስሕተት ነው። እኔ አንድ ሚስት ነኝ። ማለቴ፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ይስተካከላል» አለ ሳይቆጣ። መዝገቡን ከፈተ፣ መስመሩን አገኘ፣ ቀይ ብዕሩን አነሣ። «እሺ፣ ሴትዮዋ ሚስት አይደሉም። እናት ናቸው?»

«አይደሉም።»

«አማት? አክስት?»

«አይደሉም።»

«በሥጋ ምንም ናቸው?»

«ምንም።»

«እንግዲያ እሰርዛቸዋለሁ» አለ። «ጥገኛ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፤ ክፍሉን ሰኞ ያስረክባሉ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ብዕሩ መስመሩን ሊነካ የስንዴ ቅንጣት ነው የቀረው። ብዕሩን አየሁት። ስሜ እንደገና አንደኛ መስመር ላይ ሲወጣ ታየኝ። ያችን መስመር እንዴት እንደፈለግኋት አልዋሽም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ነበርኩ። ከዚያ ግን ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ጥቅልል አጎዛ ታየኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ይተዉት።»

«ምኑን?»

«ሚስቱ ናቸው።»

«አሁን አይደሉም አላሉኝም?»

«ቅናት ነው» አልኩት። «ይዞኝ ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። አዘነልኝ መሰለኝ። «አይዞዎት» አለኝ፣ «ከጊዜ ጋር ይለመዳል። የእኔም እናት ሁለተኛ ነበረች።»

ቤት ገብቼ ለእማሆይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይናደዳሉ፣ ያማትባሉ ብዬ ነበር። ማማተቡንስ አማተቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሰው ቆብ ከደፋ በኋላ ይዳራል? ያውም ለእስላም!» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ታላቋ ማናችን ነን አልሽኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እሰይ! በይ እንግዲያ ውሃ ቅጂልኝ።»

በማግስቱ ሄደው ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። ካህኑ የቀበሌ መዝገብ የዳረውን ቤተ ክርስቲያን አያውቀውም ብለው አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲያ እማሆይ ታላቅነታቸውን ያለ ኃፍረት ተጠቀሙበት። ሽሮ ካቀጠንኩ «ታናሿ!» ይሉኛል። ከባሌ ጋር ከተጣላሁ «ልቀቂለት፣ ዛሬ የእኔ ተራ ነው» ብለው መሐል ገብተው ያስቁናል። ባሌ ብቻ ነው የማይስቀው፤ ጆሮው እስኪቀላ ጆንያው ላይ ያቀረቅራል።

ሊቀመንበሩም ጠራኝ፤ ስለ እማሆይ የለመንኩትን እንዳልሰማ ሆነ። ነገሩ ከአብዮቱ በፊት የተፈጸመ ስለሚሆን እንደሚታለፍ፣ ሆኖም የቤተሰብ ነገር በቤቷ ያልተስተካከለላት ጓዲት ስለ ቤተሰብ ገለጻ ብትሰጥ እንደማያምር ነገረኝ። ስለ መፀዳጃ ቤት ንጽሕና እንዳስተምር አዛወረኝ። ያ ትምህርቴ ማንንም ከቤቱ አላፈናቀለም።

እማሆይ ከእኛ ጋር ሌላ ስድስት ዓመት ኖሩ። በመጨረሻው ዓመት አልጋ ላይ ዋሉ፤ ገላቸውን የማጥባቸው፣ ጸጉራቸውን የምላጫቸው እኔ ነበርኩ። ሲሞቱ እድራችን ድንኳን ተከለ። የእድሩ ጸሐፊ «ሚስት» የሚለውን መዝገቡ ላይ አይቶ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። የእህል በረንዳ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አስከሬኑን ተሸከመ፤ ባሌ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሶ ከውጭ ቆሞ ጠበቀ። ማታ ድንኳን ውስጥ ሊቀመንበሩ መጥቶ እጁን ጨበጠው። «ለባለቤትዎ እግዜር ያጽናዎት» አለው። ባሌ ቀና አላለም።

«አሜን» አለ።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ለጣውንቴ ለቅሶ የሚደርሰውም እየመጣ ያጽናናኝ ጀመር፤ ያን ያህል አለቀስኩ።

ከመዝገብ ማሰረዝ ነበረብን። ባሌ «ነገ እሄዳለሁ» ይላል፤ እኔም አላስታውሰውም። በካርዱ የሳቸው ስኳር ለተወሰኑ ወራት መጣ፤ በላነው። ያልሄድነው ለስኳሩ ይሁን ለሐዘኑ ዛሬም አልለየሁትም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ጠያቂም ጠፋ። እንዲህ ነው እማሆይ በመዝገብ ላይ እስከ ዛሬ በሕይወት የቆዩት፤ መቶ ዓመት ያለፋቸው የወሎ ነጋዴ ሚስት ሆነው።

ባሌን ጠይቄዋለሁ። አንዴ አይደለም፣ በየዓመቱ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ያን ቀን አፍህ ነው የለመደው ወይስ አውቀህ ነው?» መልሱ አንድ ነበር።

«እኔ ቤተሰብ ነው ያልኩት። ሚስት ብሎ የጻፈው የተማረው ነው።»

«የተማረው» ሲል እኔንም ያይ ነበር።

ልጄ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀብር ማስረጃውን ካመጣች በኋላ ከወረዳ ቅጽ ተቀበለች። በቅጹ ላይ «ከሟች ጋር ያላት ዝምድና» የሚል ባዶ ቦታ ከእማሆይ ስም ፊት አለ። የሕግ ነገር ነው፣ በትክክል ይጻፍ አለችኝ። እሺ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሦስት ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ልጄ አንብባ፣

«እማዬ፣ ይህ ገለጻ ነው» አለች። «ቦታው እኮ አንድ ቃል ነው የሚይዘው።»

«ዝምድና የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ። ያ ቀይ ብዕር ታየኝ። ቀደድኩት። በሦስተኛው ቅጽ ላይ ባሌ ያላትን ቃል ጻፍኩ።

«ቤተሰብ?» አለች ልጄ። «ምን ዓይነት ቤተሰብ ብለው ይመልሱኛል።»

«ከጠየቁሽ እናቴ ቤተሰብ ነው ያለችው በያቸው። ከዚያ የተማሩት የፈለጉትን ይጻፉ።»

ዛሬ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ተመለሰች። ቤቱ ዞሯል። ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። እማሆይ አንደኛው መስመር ላይ ናቸው፤ «ሚስት፣ ሟች» ተብሎ ተጽፏል። ባሌ ከሥራቸው ነው፤ «ሟች»። እኔ ከሥሩ ነኝ፤ «ሁለተኛ ሚስት፣ በሕይወት ያለች»።

«አሁንም ማስተካከል ይቻላል እኮ» አለች ልጄ። «አቤቱታ ማስገባት ነው።»

«ተይው» አልኳት። ታላቋ ቀድመዋል፣ እሱም ተከትሏል፤ የእኔ ስም ሦስተኛ ነው። ሰልፍ ለምጃለሁ።